ከድሮ ጌም ካሴት ላይ ሴቭ እንዴት ይወጣል፣ እንዴት ይፈታል፣ እንዴትስ ይመለሳል

ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋን ስትፈታ ካልሲ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና "አንተ ኮምፒውተር ትነካካ የለ፣ እስቲ ይሄን እየው" ብላ ሰጠችኝ። አንዲት አረንጓዴ የጌምቦይ አድቫንስ ካሴት፣ ፖኪሞን የሚባሉ ፍጥረቶች የሚያሳድጉበት ፖኪሞን ኤመራልድ የሚባለው ጌም ያለባት፣ ሁለት የዲኤስ ካርድ እና ማጠፊያው የላላ 3ዲኤስ፣ ሁሉም የኒንቴንዶ የእጅ ጌም እቃዎች። ካሴቷ ስትከፈት ሴቩ (የተጫወቱት ተመዝግቦ የሚቀመጥበት) ተበላሽቷል ነው የምትለው፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጌሙን አልፈልገውም ልጅ ሆኜ ያሳደግኳቸውን ፖኪሞኖች ነው የምፈልገው ትላለች። እዚህ ጎንደር ይሄን የሚሰራ ሱቅ እኔ አላገኘሁም፣ ግን ላፕቶፕ ላለው ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሰራው ነገር ነው፣ እንዴት እንደሰራሁት ከነጥፋቴ ልንገራችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሰው "ኢንክሪፕት ተደርጓል"፣ ማለትም ዳታው ተቆልፏል ሲባል ይደነግጣል፣ እንዲህ ያለ የጌም ሴቭ ላይ ግን ቁልፉ ብዙ ጊዜ እዛው አጠገቡ ነው ያለው። ሴቭ የሚገድለው ችኮላ ነው፣ ኮፒ ሳይዙ መነካካት።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ። የድሮው ጌምቦይ ካሴት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሴቩ የሚቀመጠው ኤስራም የሚባል ቺፕ ላይ ነው፣ እሱን በህይወት የሚያቆየው ደግሞ ውስጥ ያለች ባለ 3 ቮልት የሰዓት ባትሪ ናት፣ ባትሪዋ ካለቀች ወይም ሳታስቡት ከነቀላችኋት ሴቩ አለቀ፣ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ጌምቦይ ካሴት ከሆነ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ሴቩን ኮፒ አድርጉ። ኤመራልድ ግን እንደዛ አይደለችም፣ ሴቩ ፍላሽ ቺፕ ላይ ነው፣ ባትሪዋ የምታገለግለው ለሰዓት ብቻ ነው። ስትከፍቷት "ባትሪው አልቋል" ካለቻችሁ ሴቩ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ይሄን ባለማወቅ ካሴት የጣለ ሰው አውቃለሁ።

ቀጥሎ ጽዳት። ልጅ ሆነን ሁላችንም እፍ እንል ነበር አይደል፣ አታድርጉት፣ የሚገባው የምራቅ እርጥበት ነው። ከፋርማሲ አልኮል ግዙ፣ የጆሮ ጥጥ ነከር አድርጋችሁ ወርቃማዎቹን ጥርሶች ጥረጉ፣ ጥጡ ጥቁር እያወጣ ከሆነ ቀይሩና ድገሙ፣ ከዛ አስር ደቂቃ ይድረቅ። እኔ አራት ጥጥ ጨርሻለሁ።

አሁን ማንበብ። ካሴቱን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ማንበቢያ ያስፈልጋል፣ እኔ የተጠቀምኩት ጂቢኤክስካርት የሚባለውን ነው፣ ከመምጣቷ በፊት ነግራኝ ስለነበር እሷው ይዛው መጣች። ፕሮግራሙ ፍላሽጂቢኤክስ ይባላል፣ ነፃ ነው። ኔት በደንብ በሚሰራበት ቀን የሚያስፈልጋችሁን በሙሉ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ መሃል ላይ ኔት ፍለጋ ከመዞር ያድናችኋል። ማንበቢያችሁ የቮልት ማብሪያ ማጥፊያ ካለው ተጠንቀቁ፣ የድሮው ጌምቦይ በ5 ቮልት ነው የሚሰራው፣ አድቫንስ ግን በ3.3፣ አድቫንስን በ5 ቮልት ብታበሩት ቺፑን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ ሴቩን ባክአፕ የሚለውን ተጫኑ፣ ጌሙን ሳይሆን ሴቩን። የኤመራልድ ሴቭ 131,072 ባይት መሆን አለበት፣ ከዛ ካነሰ ወይም ከበዛ የሴቭ አይነቱ ተሳስቶ ተመርጦ ሊሆን ይችላል። ከዛ ካሴቱን ነቅላችሁ፣ መልሳችሁ ሰክታችሁ፣ ሁለተኛ ኮፒ በሌላ ስም አንብቡ። ለምን ብትሉ አንድ ጥርስ በደንብ ካልነካ ፋይሉ ምንም ሳይጮህ ተበላሽቶ ይወጣል። ሁለቱን ለማወዳደር ሰቨን ዚፕ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሲአርሲ ሻ የሚለው ውስጥ ግቡና ሻ 256 ቁጥሩን፣ ማለትም እንደ ፋይሉ አሻራ የሚሆነውን፣ እዩ፣ ሁለቱ አንድ ከሆኑ ጥሩ፣ ካልሆኑ ወደ አልኮሉ ተመለሱ። አንድ ሲሆኑ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡና ከዛ በኋላ በሶስተኛ ኮፒ ላይ ብቻ ስሩ።

እንግዲህ ፋይሉን ሄክስ ኤዲተር ላይ፣ ማለትም ባይቶቹን አንድ በአንድ በሚያሳይ ፕሮግራም ላይ ክፈቱት፣ እኔ የምጠቀመው ኤችኤክስዲ ነው። ከላይ እስከታች ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ብቻ ከሆነ ወይ ባዶ ነው ወይ አልተነበበም። የኤመራልድ ፋይል በ4,096 ባይት እየተቆራረጠ በ32 ክፍል ይከፈላል፣ ከነዚህ 28ቱ የጨዋታው ሴቭ ናቸው፣ 14ቱ አንድ ሙሉ ኮፒ፣ ሌሎቹ 14 ደግሞ ከዛ በፊት ሴቭ የተደረገው። አዎ፣ ጌሙ ራሱ ሁለት ኮፒ ነው የሚይዘው፣ አንዱ ላይ ሲጽፍ ሌላውን አይነካውም፣ ሴቭ እያደረገ ካሴቱ ቢነቀል የቀደመው እንዲተርፍ። ከ28ቱ እያንዳንዱ ክፍል መጨረሻው አካባቢ ፊርማ አለው፣ 25 20 01 08 የሚሉ አራት ባይቶች። ኤዲተሩ ላይ በሄክስ ፈልጉና ስንት እንደተገኘ ቁጠሩ። እኔ 27 ነው ያገኘሁት። አንዱ ኮፒ ላይ አንድ ክፍል ጭራሽ የለም፣ ሌላኛው ላይ ደግሞ 14ቱም አሉ ግን የአንዱ ቼክሰም (ዳታው አለመበላሸቱ የሚረጋገጥበት ድምር) አልገጠመም፣ ለዛ ነው ጌሙ ሁለቱንም አልቀበልም ያለው።

ከፊርማው በፊት ያሉት አራት ባይቶች ናቸው ወሳኞቹ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የክፍሉ ቁጥር ናቸው፣ ከ0 እስከ 13፣ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ቼክሰሙ። ከፊርማው በኋላ ያሉት አራት ደግሞ ስንተኛ ሴቭ እንደሆነ የሚናገሩ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለው ኮፒ አዲሱ ነው። ክፍሎቹ በተራ አልተቀመጡም ብላችሁ እንዳትደናገጡ፣ ጌሙ ሴቭ ባደረገ ቁጥር ሁሉም በአንድ ቦታ ይንሸራተታሉ፣ ስለዚህ ቦታውን ሳይሆን ቁጥሩን ተከተሉ። ከ0 እስከ 4 ያሉት የተጫዋቹ መረጃ፣ ቦርሳውና አብረውት ያሉት ፖኪሞኖች ናቸው፣ ከ5 እስከ 13 ያሉት ጌሙ ውስጥ ባለው ማስቀመጫ ሳጥን የተቀመጡት። የእኛው የተበላሸው ቁጥር 9 ነበር፣ እልል ነው ያልኩት፣ ሳጥን ነዋ፣ የተጫዋቹ መረጃ አልተነካም።

ጥገናው እንዲህ ነው። ከአሮጌው ኮፒ 9ኛውን ክፍል ሙሉ 4,096 ባይቱን ገልብጬ በአዲሱ ኮፒ በተበላሸው 9ኛ ላይ ለጠፍኩት፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት የሴቭ ቁጥር ባይቶች ብቻ ከሌሎቹ 13 ጋር አንድ አደረግኩ። ቼክሰሙ የሚሰላው ከዳታው ላይ ብቻ ስለሆነ እሱን መንካት አያስፈልግም። ስትለጥፉ ግን ኢንሰርት እንዳይሆን፣ ከላዩ ላይ መጻፍ ነው ያለበት፣ ፋይሉ በአንድ ባይት ቢረዝም ሁሉም ነገር ይዛነፋል።

አሁን ወደ ቁልፉ። እያንዳንዱ ፖኪሞን ሳጥን ውስጥ 80 ባይት ነው፣ አብሮ የሚዞረው ደግሞ 100። የመጀመሪያዎቹ 32 ባይቶች ግልጽ ናቸው፣ የወጣለት ስምም እዛ ውስጥ አለ። ፊደሉ የተለመደው የኮምፒውተር ኮድ ስላልሆነ ግን ኤዲተሩ ላይ ስሙን ጽፋችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ እዚህ ትልቁ ኤ 187 ነው፣ ቢ 188፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እየቆጠርኩ ስሄድ አንዱ ላይ 193 201 200 190 191 204 አገኘሁ፣ በላቲን ፊደል ሲነበብ ጎንደር ነው። ልጅ ሆና እዛ አገር እንደገባች ያወጣችው ስም መሆኑ ነው። እሺ ጎንደር ማነው፣ ምን አይነት ፖኪሞን ነው? እሱ ነው የተቆለፈው፣ ቀጥሎ ያሉት 48 ባይቶች።

መቆለፊያው ኤክስኦር የሚባል ሂሳብ ነው። 5ን በ3 ኤክስኦር ስታደርጉት 6 ይሆናል፣ 6ን መልሳችሁ በዛው በ3 ስታደርጉት 5 ይመለሳል፣ የሚቆልፈውም የሚከፍተውም አንድ ቁጥር ነው። ቁልፉ ደግሞ የት ነው ብትሉ በሩ ላይ ተሰክቷል። የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች የፖኪሞኑ የራሱ መለያ ናቸው፣ ቀጣዮቹ አራት የባለቤቱ መለያ፣ ሁለቱን እርስ በርስ ኤክስኦር ስታደርጉ የሚወጣው ቁልፉ ነው፣ በሱ 48ቱን ባይት አራት አራት እያላችሁ ትፈታላችሁ። የተፈታው ራሱ በ12 ባይት አራት ቁራጭ ሲሆን ተራቸው ይቀያየራል፣ አራት ነገር በ24 አይነት ይደረደራል፣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የፖኪሞኑን መለያ ለ24 አካፍላችሁ ቀሪውን ታያላችሁ። እኔ አንዱን በወረቀትና በካልኩሌተር ሰርቼዋለሁ፣ እንቅልፍ ነው ያሳጣኝ፣ እናንተ ግን ፒኬሄክስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱና የጠገናችሁትን ፋይል ጣሉበት፣ ሁሉንም ፈትቶ በስዕል ያሳያችኋል፣ ስታስወጡትም ቼክሰሙን ራሱ ያስተካክላል። ጎንደር ስዋምፐርት የሚባለው ፖኪሞን ሆኖ ተገኘ።

የዲኤስ ካርዶቹና 3ዲኤሱ ላይ ብዙም አልደከምኩም። የ3ዲኤስ ካርድ ሴቭ ኤኢኤስ በሚባል ጠንካራ መቆለፊያ ነው የሚቆለፈው፣ የመጀመሪያዎቹ ጌሞች ላይ አንዱ የቁልፍ ሰንሰለት በየ512 ባይቱ ይደጋገም ስለነበር ሰዎች ባዶውን ቦታ አይተው ቁልፉን አወጡት፣ በኋላ በወጡት ላይ ግን ይሄ ቀዳዳ ተደፈነ፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ቁልፉ ውስጥ ከዛችው ካርድ ከራሷ የሚነበብ ቁጥር ይገባበታል። ስለዚህ በጥሬው የተቀዳ ሴቭ ሌላ ካርድ ላይ አይሰራም። መፍትሄው ኮንሶሉ፣ ማለትም መጫወቻው ራሱ እንዲፈታው ማድረግ ነው። ሉማ (ከኒንቴንዶ ውጪ የተሰሩ አፖችን እንዲከፍት የሚያደርግ ሶፍትዌር) የተጫነበት 3ዲኤስ ላይ ቼክፖይንት የሚባለውን አፕ ክፈቱ፣ ካርዱን አስገቡ፣ ባክአፕ በሉ፣ የተፈታው ፋይል ሚሞሪው ላይ 3ዲኤስ በሚለው ፎልደር፣ ቼክፖይንት ውስጥ፣ ሴቭስ ውስጥ ይቀመጣል፣ ስትመልሱት ኮንሶሉ እንደገና ይቆልፈዋል። የዲኤስ ካርድም እዛው ያነባል። ሪስቶር እና ባክአፕ የሚሉት ጎን ለጎን ናቸው፣ ሳትቸኩሉ አንብባችሁ ተጫኑ።

የቀረው መመለስ ነው፣ እዚህ ጋ ነው እኔ የወደቅኩት። ፒያሳ ጓደኛዬ ሱቅ ዴስክቶፕ ላይ ሰክቼ ወደ ካሴቱ መጻፍ ጀመርኩ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ሲመጣ ካሴቱን ሳነበው ግማሹ አዲሱ ዳታ ነው፣ ግማሹ ኤፍኤፍ። ፍላሽ ቺፕ ላይ ከመጻፉ በፊት ይጠረጋል፣ የተጠረገው ክፍል ደግሞ ኤፍኤፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ስልኬ ላይ ያለው ኮፒ ባይኖር ምን ብዬ ፊቷ እንደምቆም እግዜር ይወቀው። እናንተ ቻርጅ በሞላ ላፕቶፕ ስሩ፣ ዩኤስቢውን ማንም የማያልፍበት ጎን አድርጉት፣ 3ዲኤስ ከሆነም ባትሪውን ሙሉት።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ካሴቱን ነቅላችሁ እንደገና አንብቡና ሻ 256 ቁጥሩን ከጻፋችሁት ፋይል ጋር አወዳድሩ። ከዛ ኮንሶሉ ላይ ክፈቱ፣ ኮንቲኒው በሉ፣ ትንሽ ተራመዱ፣ ጌሙ ውስጥ ሴቭ አድርጉ፣ አጥፉ፣ አብሩ። ሁለተኛውን ጊዜ ከከፈተ በቃ ሰርቷል። የእኛዋ ከፈተች፣ ባትሪ አልቋል የሚለው መልእክት ብቻ ቀርቷታል። እሱ የምትበየድ 1616 የምትባል ባትሪ ናት፣ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወስደን ልናስቀይራት አስበን ነበር፣ በረራዋ ከአዘዞ በማግስቱ ጠዋት ስለነበር ግን ሳይደርስልን ቀረ፣ እዛው ታስበይደዋለች።