«በሽታ የመከላከል አቅምህን ጨምር» እና ሌሎች የኩላሊት ታካሚ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ኩላሊቱን የታመመ ሰው ከሐኪም ቤት እንደወጣ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «በሽታ የመከላከል አቅምህን ጨምር»። ጎረቤቱ ይለዋል፣ ቡና ሊጠጡ የመጡት ይሉታል፣ ቲክቶክ ይለዋል። ሐሙስ ሕርማታ ገበያ ከወጣ ደግሞ ዱቄቱን በፌስታል ቋጥሮ የሚሸጥለት አያጣም። እኔ የኩላሊት ታካሚዎችን የምከታተል ነርስ ነኝ። ይህ ምክር አንገሽግሾኛል፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

አቅም መጨመሪያ መውሰድ። ብዙ የኩላሊት በሽታዎች የሚመጡት መከላከያችን ስለደከመ አይደለም። የገዛ ወገኑን ስለሚመታ ነው። ሉፐስን ተመልከቱ። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ። ጀርም ሊይዙ የተሠሩት አንቲቦዲዎች የታማሚዋን የገዛ ሴሎች ስባሪ ይይዛሉ። ያ ጥምር ኩላሊት ማጣሪያ ላይ ይከማቻል። ነጭ የደም ሴሎች ተጠራርተው ይመጣሉ፣ ማጣሪያው ይቆስላል፣ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ ደም አያጣራም። በአንድ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያ አለ፤ ከሞተ አይተካም። ለዚህች ሴት ሐኪሟ የሚያዝላት መከላከያዋን ረገብ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። እሷ ጠዋት እሱን ትውጣለች፣ ማታ ደግሞ «አቅም መጨመሪያ» ትጠጣለች። እንግዲህ ማንን እንመን?

ወጥ ውስጥ ስለሚገባው ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ አይደለም የማወራው። እሱን ብሉ። የሚያናድደኝ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ጠርሙስ ነው። የሽፈራው ቅጠል ዱቄትም ቢሆን ፖታሺየም ይበዛዋል። የደከመ ኩላሊት ፖታሺየምን ማስወጣት ያቅተዋል፤ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ልብ ሊያቆም ይችላል። «ተፈጥሯዊ እኮ ነው ሲስተር» ይሉኛል። እንዶድም ተፈጥሯዊ ነው፤ ማን ይጠጣዋል?

ሁለተኛው ፕሬድኒሶሎንን፣ ማለትም መከላከያን የሚያረግበውን የስቴሮይድ ኪኒን፣ በራስ ፈቃድ ማቆም ነው። አንዲት ልጅ ከአጋሮ ለክትትል ትመጣለች። ሉፐሱ ኩላሊቷን ነክቶት ነበር፣ በመድኃኒቱ ደህና ሆነች። ግን ፊቷ ተድቦለቦለ። የእህቷ ሠርግ ደረሰ፣ ሰፈርተኛው «ወፈርሽ» አላት፣ አቆመችው። ስትመለስ ቁርጭምጭሚቷን ስጫነው የጣቴ ምልክት ጎድጉዶ ቀረ። ሽንቷ ውስጥ የነከርኩት የመመርመሪያ ወረቀት ቢጫነቱን ለቆ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ፤ ፕሮቲን እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። እናቷ ኪኒኑን ከቦርሳቸው አወጡት። ከግማሽ በላዩ አልተነካም። «ሲስተርዬ፣ እንደዚያ ተነፍታ እንዴት ሰው ፊት ትቁም?» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? እውነታቸውን ነው፤ ለወጣት ሴት የፊት ነገር ቀላል አይደለም። ግን ይህን ጥያቄ ከሠርጉ በፊት ይዘውልን ቢመጡ ኖሮ! መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ ሲቀንስ ፊትም ይመለሳል።

በሽታው ማገርሸቱ ብቻ አይደለም አደጋው። ከኩላሊታችን በላይ የተቀመጡ ትንንሽ ዕጢዎች የዚህን መድኃኒት ዓይነት ሆርሞን ራሳቸው ያመርታሉ። ኪኒኑ ለሳምንታት ከውጭ ሲገባ ሥራቸውን ይተዋሉ። ድንገት ስታቆሙት የሚተካ የለም። ትውከት ይመጣል፣ ጉልበት ይከዳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ካለቀባችሁና ፋርማሲ ካጣችሁት ደውሉ። ዝም ብላችሁ አትቀመጡ።

የእሷን አይቶ ለራሱ የሚገዛም አለ። የብዙ ሰው ኩላሊት የሚጎዳው በስኳርና በደም ግፊት ነው። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ሁለቱንም ያባብሳል። የጎረቤት ኪኒን አትዋሱ፤ አለቀ።

የልጅ ጉሮሮና እከክን መናቅ። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮን ወይም ቆዳን ያቆስላል። መከላከያችን ይዋጋዋል፣ የውጊያው ትራፊ ኩላሊት ላይ ይቀራል። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ ከቆዳ ቁስል በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ልጁ ጠዋት ዓይኑ አብጦ ይነሳል፣ ሽንቱ ኮካ ይመስላል። አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ፣ ግን ግፊታቸው መለካት አለበት። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ ምንም አይፈይድም። ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ይጨምራል እንጂ።

አረፋ የሚያወጣ ሽንት እያዩ «አላመመኝም» ማለት። አረፋው ፕሮቲን እየፈሰሰ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፤ ኩላሊት ማጣሪያው ሲቆስል ግን አያምም። አስመርምሩ።

ይህኛው ለሥራ ባልደረቦቼ ነው፦ የሆድ ትል ሳያስቡ ስቴሮይድ መጀመር። በአካባቢያችን ባዶ እግሩን ማሳ የሚውል ሰው ብዙ ነው። ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው ትል በቆዳ ይገባል፤ አንጀት ውስጥ ራሱን እያራባ ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል። መከላከያው በስቴሮይድ ሲተኛ ትሉ ተባዝቶ መላ ሰውነት ይወራል፤ ይገድላል። አንድ የሰገራ ምርመራ ነጻ ስለሆነ ብቻ የለም አይባልም። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ተደብቆ ይጠብቃል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አክታ ይመርመርለት።

ታካሚዎችም «ትኩሳት የለኝም» ብላችሁ አትዘናጉ። ስቴሮይድ ትኩሳትን ይሸፍናል። የኩላሊት እጥበት ላይ ያላችሁ፣ አንገት ላይ ያለው ቱቦ ዙሪያ ከቀላ፣ ካመመ ወይም ከታጠባችሁ በኋላ ብርድ ካንቀጠቀጣችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ።

ንቅለ ተከላ ተደርጎልኝ ተገላገልኩ ማለት ሌላው ነው። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥራውን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ይህን የሚሉ ሰዎች መጥተዋል፤ ደስ ይለኛል። ግን መከላከያችን የወንድምን ኩላሊትም ባዕድ ነው ብሎ ይመታዋል። በ1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ የተሳካው የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ የሠራው ሰጪና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ነው። እናንተ መንትያ ካልሆናችሁ መከላከያን የሚያረግቡትን መድኃኒቶች፣ ታክሮሊመስና ጓደኞቹን፣ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ ትውጣላችሁ። በሰዓቱ።

የመጨረሻው ክትባትን ማዘግየት ነው። ኩላሊት ሲደክም የሚጠራቀመው ቆሻሻ ነጭ የደም ሴሎችን ያዳክማል፤ በዚያው ላይ ሰውነት ውስጥ የማይጠፋ ብግነት ይኖራል፣ የደም ሥርንም ይጎዳል። እጥበት ላይ ያለ ሰው ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደካማ ምላሽ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ መጠኑም ለእሱ እጥፍ ይሆናል። ክሪያቲኒናችሁ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ቆሻሻ) ገና መጨመር ሲጀምር ስለ ክትባቱ ጠይቁ። ክትባቱ አገራችን ውስጥ በሕፃናት ፕሮግራም የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ «ልጅ እያለሁ ተከትቤያለሁ» ብትሉኝ አላምንም፤ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርጉና ውጤቱን ይዛችሁ ኑ።