የፔይንትቦል አየር ታንክን ከስኩባ ሲሊንደር ቤት ውስጥ መሙላት

አየር ከስኩባ (የጠላቂዎች) ሲሊንደር ወደ ፔይንትቦል (የቀለም ጥይት ጨዋታ) ጠመንጃ ታንክ የሚያልፈው በግፊት ልዩነት ብቻ ነው። የሚገፋው ፓምፕ ስለሌለ የሁለቱ ግፊት ሲተካከል ፍሰቱ ይቆማል። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቅባችሁ ግፊቱ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ብዙ አየር እያለም ታንካችሁ ግማሽ ብቻ የሚሞላበት ቀን ይመጣል።

በቁጥር እንየው። በብዛት የሚገኘው የአሉሚኒየም ስኩባ ሲሊንደር 11.1 ሊትር ይይዛል፤ ሙሉ ሲሆን ግፊቱ 207 ባር ወይም 3000 ፒኤስአይ ነው (ሁለቱም የግፊት መለኪያዎች ናቸው)። «48/3000» የሚል ታንክ ደግሞ 48 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 0.79 ሊትር ገደማ ይይዛል። ይህን ታንክ በየጊዜው ከባዶ ተነስታችሁ ደጋግማችሁ ብትሞሉት የመጀመሪያው ሙሌት 193 ባር ላይ ይቆማል፣ ሁለተኛው 180፣ ሦስተኛው 168፣ አሥረኛው 104 ባር አካባቢ። በሌላ አነጋገር ከአሥር ሙሌት በኋላ ሲሊንደሩ ግማሽ አየሩን እንደያዘ ነው፣ ግን ከ104 ባር በላይ ግፊት መስጠት አይችልም። 310 ባር (4500 ፒኤስአይ) የሚችል ካርቦን ፋይበር ታንክም ከዚህ ሲሊንደር የሚያገኘው ከ207 ባር በታች ነው። ያ ታንኩን አይጎዳውም፤ ሙሉ አቅሙን ግን አይጠቀምም።

መፍትሔው ሁለት ሲሊንደር መያዝ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ ግፊቱ ዝቅ ካለው ሙሉ፣ ከዚያ ከፍ ባለው ጨርሱ። አንዱ 120፣ ሌላው 207 ባር ቢሆን፣ ባዶው ታንክ ከመጀመሪያው 112 ባር ይወስዳል፣ ከሁለተኛው ደግሞ 201 ገደማ ይደርሳል። ሙሉው ሲሊንደር ብቻውን ቢሠራ ወደ 193 ይወርድ ነበር፤ አሁን ግን 201 አካባቢ ይቀራል። የሚቻል ከሆነ ባለ 300 ባር የብረት ሲሊንደር ከሁሉም ይሻላል፦ 12 ሊትር የሚይዘው አንድ ሲሊንደር ያንኑ ትንሽ ታንክ እስከ 207 ባር ድረስ 5 ጊዜ ያህል ይሞላል። እዚህ ላይ ግን አደጋው ይጨምራል፤ ፍሰቱ 207 ላይ በራሱ አይቆምም፣ ጌጁን (የግፊት ማሳያውን) እያያችሁ የምትዘጉት እናንተ ናችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት የታንኩን ዓይነት ለዩ። የአየር ታንክ ሬጉሌተሩ (አፉ ላይ ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ) ላይ ጌጅና በጎኑ ትንሽ መሙያ ኒፕል አለው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ታንክ ሁለቱም የሉትም፤ የሚሞላው ወደ ጠመንጃው በሚጠለቀው በዚያው አፉ ነው፣ የተሠራውም ለ124 ባር (1800 ፒኤስአይ) ነው። ይህንን ከስኩባ ሲሊንደር ጋር በምንም ዘዴ አታገናኙ። ታንኩ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ የውሃ ግፊት ፍተሻ ቀንም እዩ፤ አብዛኛው ታንክ በየ5 ዓመቱ መፈተሽ አለበት፣ ብዙዎቹ ካርቦን ፋይበሮች ደግሞ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ነው። ቀኑ ያለፈ፣ የተሰነጠቀ ወይም ክሩ የተቆረጠ ታንክ አይሞላም።

ሲሊንደሩንና ታንኩን ለማገናኘት የምትገዙት አዳፕተር አራት ነገር ይኑረው፦ ከሲሊንደሩ ቫልቭ ጋር የሚገጥም ማያያዣ፣ ጌጅ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር የሚለቅ ማስተንፈሻ ቫልቭ፣ እና ኒፕሉን የሚይዝ ፈጣን ማያያዣ ያለው የከፍተኛ ግፊት ቱቦ። ማስተንፈሻ የሌለውን አትግዙ። ማያያዣው ሁለት ዓይነት ነው። ዮክ ቫልቩን ከውጭ አቅፎ በብሎን ይጠብቃል፣ እስከ 232 ባር ብቻ ይሠራል። ዲን ደግሞ ወደ ቫልቩ ውስጥ ይጠለቃል፤ ለ300 ባር ሲሊንደር የግድ ረጅሙን የ300 ዲን ያስፈልጋችኋል፣ አጭሩ እዚያ ቫልቭ ላይ አይዘጋም።

ሲሊንደሩን አስተኙት ወይም ግድግዳ ላይ በቀበቶ እሰሩት፤ ቆሞ ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር ራሱን የሚተኩስ ብረት ይሆናል። ቫልቩን ለአንድ አፍታ ብቻ ከፍታችሁ ዝጉ፣ አሸዋና የውሃ ጠብታ እንዲተፋ። ኦሪንጉ (አየር እንዳያፈስ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) በቦታው መኖሩንና አለመቆረጡን አይታችሁ አዳፕተሩን ግጠሙ፤ በእጅ ይጠበቃል፣ መፍቻ አያስፈልገውም። ኒፕሉን በንጹህ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ታንኩን ከጠመንጃው ነጥላችሁ ቱቦውን ሰኩት፣ ማስተንፈሻውን ዝጉ።

አሁን የሲሊንደሩን ቫልቭ በጣም ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ቀጭን ፉጨት እስኪሰማ ድረስ ብቻ። በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ባር ጥሩ ፍጥነት ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃልና ቸኩሎ የተሞላ ታንክ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፤ በ50 ዲግሪ 207 ባር ያሳየው በ20 ዲግሪ 188 ባር ነው። ብዙ ሰው «ታንኬ ያፈሳል» የሚለው ይህንን አይቶ ነው። ታንኩ በእጅ ሲነካ ለብ ካለ ችግር የለም፣ ከሞቀ ዝጉና ጠብቁ። የአዳፕተሩ ጌጅ አየር እየፈሰሰ ሳለ ከታንኩ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያልና የታንኩንም ጌጅ ተከታተሉ። ግፊቱ ሲደርስ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ የጎደለውን ጨምሩ።

አነቃቀሉ ቅደም ተከተል አለው፦ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ማስተንፈሻውን ክፈቱ፣ ጌጁ ዜሮ ሲያሳይ ብቻ ቱቦውን ንቀሉ። ግፊት ያለበት ማያያዣ አልላቀቅ ይላል፤ በጉልበት ከተላቀቀ ደግሞ ቱቦው እንደ ጅራፍ ይገርፋል።

ኒፕሉ ከተነቀለ በኋላ አየር ከተፋ በውስጡ ያለው አየር እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ቆሻሻ ይዟል ማለት ነው። መልሳችሁ ሰክታችሁ አንዴ ጥቂት አየር ብታሳልፉበት ብዙ ጊዜ ይጸዳል። ካልሆነ ታንኩን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሳችሁ ኒፕሉን ለውጡ፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ መጠገን አያዋጣም። ስውር ፍሳሽ በሳሙና አረፋ ይገኛል። የደህንነት ዲስኩ (ግፊት ሲበዛ ከታንኩ ቀድሞ ፈንድቶ አየሩን የሚያስወጣው) ከፈነዳ በዚያው መጠን ተኩት፤ የ3000 ታንክ ከፍተኛ ግፊት ዲስክ ብዙ ጊዜ 5000 ፒኤስአይ ነው፣ የ4500ው 7500። እንዳይፈነዳ ብሎ ከፍ ያለ መግጠም የታንኩን የመጨረሻ መከላከያ ማጥፋት ነው።

ኒፕሉና ማያያዣው ላይ የሞተር ዘይትም ግራሶም አይነካም። በቅጽበት የታመቀ ሞቃት አየር ዘይቱን ሊያቀጣጥለው ይችላል። በዚሁ ምክንያት ኦክሲጅን የበዛበት የጠላቂዎች ድብልቅ ያለበትን ሲሊንደር አትጠቀሙ፤ ንጹህ ኦክሲጅንማ ጨርሶ አይታሰብ። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ደግሞ ከ10 ባር ብዙም አያልፍም፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሲሊንደሩን እስከ ዜሮ አታውርዱት። 30 ባር ያህል ሲቀረው ዝጉትና እንደዚያው ወደ መሙያ ጣቢያ ውሰዱት፤ ባዶ ሲሆን እርጥበት ገብቶ ውስጡን ያበላሻል።