መፍትሔው ሲጠፋ ጥያቄውን ቀይሩት

ደሴ ላይ እንጀራ ጋግሬ ነው የምተዳደረው። ሥራ የሚጀምሩ ሴቶች ሊያማክሩኝ ሲመጡ ቶሎ መልስ አልሰጥም። መጀመሪያ ችግራቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩት አዳምጣለሁ። አብዛኛው መንገድ የሚዘጋው እዚያው ላይ ነው።

አንዷ ከኮምቦልቻ የመጣች ናት። «እርሾዬ ሞተ» አለችኝ። ሊጡ ደሴ ላይ አልቦካ ብሏት ከየጎረቤቱ እርሾ ትለምናለች። ችግሩ እርሾ ነው ካሉ ደግሞ መፍትሔውም እርሾ መቀየር ብቻ ነው። እኔ እርሾውን ትታ የሆነውን ብቻ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። «ማታ አቦካሁ። ሲሚንቶው ላይ አሳደርኩት። በሦስተኛው ቀን አብሲት ብጥልበትም ኩፍ አላለም።»

ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ብርዷ ሌላ ነው። ብርድ ላይ እርሾ ይዘገያል እንጂ አይሞትም። «ሊጡ እንዳይበርደው ምን ላድርግ?» ብለን ስንጠይቅ መላው በዛ። ለብ ባለ ውሃ ማቡካት፣ ባልዲውን ከወለሉ አንስቶ ጣውላ ላይ ማስቀመጥ፣ በጋቢ መሸፈን፣ ምጣዱ ባለበት ክፍል ማሳደር፣ አንድ ቀን ቀድሞ ማቡካት። አንዱም ብር አያስወጣም።

እናንተም ችግሩን ከአፋችሁ እንደወጣ ጻፉት። ከዚያ ውስጡ ቀድሞ የተወሰነ መፍትሔ እንዳለ እዩ። «ሁለተኛ ምጣድ መግዣ የለኝም» ስትሉ ምጣድን መፍትሔ አድርጋችሁ ጨርሳችኋል። ምጣዱ ቢኖር ምን ይሆን ነበር? «የሆቴሉ እንጀራ ጠዋት 12 ሰዓት ይደርስ ነበር።» እንግዲያው ጉዳዩ ሰዓቱ ነው። ሌሊት መጀመር ይቻላል። ሥራውን ከሌላ ጋጋሪ ጋር መካፈል ይቻላል። ሆቴሉ በእርግጥ በዚያ ሰዓት ይፈልገው እንደሆነም መጠየቅ ይቻላል። ይህን የመጨረሻውን የሚያደርግ ሰው ማነሱ በጣም ያሳዝነኛል።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካርል ዱንከር ይህን ፈትኖታል። ሻማ፣ ክብሪት፣ ትንንሽ ሚስማርና ሳጥን ሰጥቶ ሻማውን በር ላይ እንዲያቆሙ ሰዎችን ጠየቀ። መልሱ ሳጥኑን በሩ ላይ በሚስማር መትቶ ሻማውን እሱ ላይ ማቆም ነው። ሳጥኑ ዕቃ ተሞልቶ ሲቀርብ ብዙዎች መያዣነቱ ብቻ ታያቸው። ባዶውን ሲቀርብ ግን መልሱን ያገኙት በዙ።

ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ሰው ቦታ ሆናችሁ ደግማችሁ ጻፉት፤ አንዴ እንደ ደንበኛው፣ አንዴ እንጀራውን እንደሚያመላልሰው ልጅ። ቢቻል እነሱኑ ጠይቁ።

አንድ ነገር አደራ። ጤፍ ተወዶባት ልጆቿን ማብላት ያቃታትን ሴት «አመለካከትሽን ቀይሪ» አትበሏት። እሷ ያጣችው ብር ነው፤ ብድር ወይም ዕቁብ የምታገኝበትን መንገድ አሳዩዋት።

አዲሱን መላ በሙሉው ሊጥ አትሞክሩት። በትንሽ ባልዲ ለብቻው አቡክታችሁ እዩት። ካልሠራ ወረቀቱን አውጡና የሚቀጥለውን ጥያቄ ያዙ።