የአዋቂ ሕሙማን ነርሲንግን ከአልጋው ጀምሮ መከለስ

በሐዋሳ ለመውጫ ፈተና ወይም ለሙያ ብቃት ምዘና የሚዘጋጁ ነርሶች አብዛኛውን ጊዜ ክለሳቸውን የሚጀምሩት ከመማሪያ መጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት እያሉ ይወርዳሉ፤ ሆርሞን ላይ ሲደርሱ ግን የልቡን ረስተውታል። እኔ የምመክረው ክለሳው ከአልጋው እንዲጀምር ነው። አንድ ሕመምተኛ በሐሳብዎ ያስተኙና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ይህን ሰው በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሊገድለው የሚችለው ምንድን ነው? መምጣቱን ነርሷ በምን ታውቃለች? ሐኪሙ እስኪደርስስ ምን ታደርጋለች?

ከሐዋሳ ዙሪያ የመጣ የ24 ዓመት ወጣት እንውሰድ። የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ኢንሱሊኑን ካቋረጠ ቀናት ተቆጥረዋል። ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ አፉ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል፣ ሆዱንም ያመዋል። ችኩል ተማሪ «ስኳሩ ስለጨመረ ኢንሱሊን ይሰጠው» ብሎ ያልፋል። ይሁን እንጂ ይህን ወጣት አስቀድሞ የሚያሰጋው ከሰውነቱ የወጣው ፈሳሽ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሥራ ደም ሥሩ ውስጥ ሰፊ ካኑላ (ቀጭን ቱቦ) አስገብቶ የ0.9 በመቶ ሳላይን (የጨው ውሃ) ማስጀመር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፖታሲየም ነው። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ፖታሲየሙ ደህና ወይም ከፍ ያለ ሊመስል ይችላል፤ በሽንትና በትውከት ስለወጣ ግን የሰውነቱ ክምችት ተመናምኗል፤ ኢንሱሊን ሲጀመር ደግሞ የቀረው ከደም ወደ ሴል ውስጥ ይገባና የልብ ምት ይዛባል። ስለዚህ የፖታሲየም ውጤት ከኢንሱሊን በፊት ይታያል፤ ከ3.5 ሚሊ ሞል በሊትር በታች ከሆነ አስቀድሞ እንዲተካ ይደረጋል። ፖታሲየም ከመጨመሩ በፊት ነርሷ ሽንት መኖሩን ታረጋግጣለች፤ ሳይበረዝ በሲሪንጅ በቀጥታ ወደ ደም ሥር መግፋት ግን በምንም ሁኔታ የማይደረግ ነገር ነው። ከዚህ ከአንዱ ወጣት ብቻ የሆርሞን፣ የኩላሊት፣ የልብና የፈሳሽ ሚዛን ምዕራፎች አብረው ተከለሱ።

የስኳር መውረድን እግረ መንገድዎን ያንሱት፦ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነና ሕመምተኛው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ያህል ስኳር ይሰጠዋል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለካል። ራሱን የሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጠውም። በውጭ አገር የተዘጋጁ የጥያቄ ስብስቦችን የሚጠቀሙ ሰዎች አንዳንዶቹ ስኳርን በሚሊ ሞል እንደሚጽፉ ይወቁ፤ በ18 ሲባዛ እኛ ወደለመድነው መለኪያ ይመለሳል።

ቁጥር ያለበትን ሁሉ በዓይን ከማንበብ ይልቅ በእስክሪብቶ ይሥሩት። ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ተማሪ ሳለሁ በአንድ የቀዶ ሕክምና ዋርድ፣ 60 ኪሎ የምትመዝንና 30 በመቶ የሰውነቷ ክፍል የተቃጠለ ሴት የሚያስፈልጋትን ፈሳሽ እንዳሰላ ታዘዝኩ። በፓርክላንድ ቀመር፣ 4 ሚሊ ሊትርን በ60 ኪሎዋና በተቃጠለው 30 መቶኛ አባዝቼ ለ24 ሰዓት 7,200 ሚሊ ሊትር አገኘሁ፤ ግማሹ፣ ማለትም 3,600ው፣ በመጀመሪያው 8 ሰዓት መግባት ስላለበት ለ8 አካፍዬ «በሰዓት 450» አልኩ። አስተማሪዬ «የተቃጠለችው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከመድረሷ 2 ሰዓት በፊት ነበር፤ እስከዚያም ምንም ፈሳሽ አላገኘችም። 8ቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከተቃጠለችበት ቅጽበት እንጂ ከደረሰችበት ስላልሆነ የቀረው 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ በሰዓት 600 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚጥል መስመር ይህ በደቂቃ 200 ጠብታ ይሆናል። ይህን በዓይን መቁጠር ስለማይቻል በሁለት መስመር ተከፍሎ እያንዳንዱ የ1,000 ሚሊ ሊትር ከረጢት በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ማለቁን መከታተል ይሻላል። ቀመሩም መነሻ ብቻ ነው፤ ፈሳሹ መብቃቱን የሚናገረው በሽንት ካቴተሩ በየሰዓቱ የሚወርደው መጠን ነው፤ ለዚህች ሴት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር።

ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ሕመምተኛ ሲታሰብ፣ የደም ግፊት መውረድ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት መሆኑን ይያዙ። አስቀድሞ የልብ ምት ይፈጥናል፤ ሕመምተኛው ይቁነጠነጣል፤ ቆዳው ይቀዘቅዛል። ከላይ ያለው ፋሻ ደረቅ ሆኖ ሳለ ደሙ በጎን ወርዶ ከጀርባው ሥር ሊጠራቀም ስለሚችል፣ ከሰውነቱ በታች እጅን አስገብቶ አንሶላውን መዳሰስ ያስፈልጋል። ደም የሚሰጠው ሰውም ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ብቻውን አይተውም፤ ብርድ ብርድ ካለው፣ ወገቡን ካመመው ወይም ትኩሳት ከጀመረው ደሙ ወዲያው ይቆማል፣ መስመሩ በአዲስ ቱቦ በሳላይን ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ከረጢቱም ሳይጣል ለምርመራ ይቀመጣል።

የመድኃኒት ስም ዝርዝር በመሸምደድ ሳምንት ማቃጠል አያዋጣም፤ በየወገኑ አንድ ተወካይ ይምረጡና ከመስጠትዎ በፊት ምን እንደሚለኩ ይያዙ። የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲን ከሆነ የልብ ምት አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል፤ ሽንት የሚያበዛው ፉሮሰማይድ ከሆነ የደም ግፊትና ፖታሲየም ይታያል።

ይህ ክለሳ ለብቻ ከሚሆን ለሁለት ቢሆን ይመረጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ጓደኛ ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጦ፣ አንዱ የዋርድ ርክክብ እንደሚያደርግ ሰው ድምፅ አውጥቶ ሕመምተኛውን ያቀርባል፦ «አልጋ 7፣ አንጀታቸው ታጥፎ ከተሠራ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ የልብ ምታቸው ከ88 ወደ 116 ወጥቷል፤ ሽንታቸው ቀንሷል።» ሌላው ሳያቋርጥ ሰምቶ ጥያቄ ብቻ ይጽፋል፦ ሆዳቸው ተነፍቷል ወይ? ትኩሳትስ? ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው ሽንት ስንት ነበር? መልስ ያጣው ጥያቄ ተከቦ ይቀመጣል፤ እሑድ መጽሐፉ የሚገለጠው እሱን ለመፈለግ ነው።