ውሻችሁ ጠዋት ጠዋት ያነክሳል? ብርዱ ነው ወይስ ዘሩ?

ደብረ ብርሃን ላይ ውሻ ካነከሰ «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናትና አይፈረድም። ግን ብርድ ያለውን ሕመም ያባብሳል እንጂ ዳሌ አያበላሽም።

ምልክቱ፦ ጀርመን ሼፐርዱ ወይም ዲቃላው ከተኛበት ሲነሳ የፊት እግሮቹን ተክሎ ኋላውን ይጎትታል። ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይፍታታል። ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እያነሳ እንደ ጥንቸል ይዘላል። ደረጃም ይሸሻል። አንዳንዱ ገና በ5 እና በ6 ወሩ ይጀምረዋል፤ አንዳንዱ ሲያረጅ ነው። ድንገት አንድ እግሩን ብቻ ካነሳ ግን መጀመሪያ መዳፉን እዩ፤ እሾህ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ፦ ብዙ ጊዜ ሂፕ ዲስፕላዢያ ነው። የጭኑ አጥንት ራስ ከዳሌው ጎድጓዳ ጋር በደንብ አይገጥምም። ይላላል፣ ይፋተጋል፣ ውሎ አድሮ መገጣጠሚያው ይቆስላል። ዘር ከልጓም ይስባል እንደሚባለው፣ ነገሩ ከወላጆች ይመጣል። ብዙ ጂኖች ስላሉበት ደህና ከሚመስሉ እናትና አባትም ይወለዳል። ቡችላን ማወፈርና «አጥንቱ ይጠንክር» ብሎ ካልሲየም መጨመር ደግሞ ያባብሰዋል።

መፍትሔው፦ የሚያረጋግጠው ራጅ ነው፤ ለዚያ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር መሄድ ሊጠይቅ ይችላል። እስከዚያው ክብደቱን ቀንሱለት። ጎኑን ስትዳብሱት የጎድን አጥንቱ ለእጃችሁ መታወቅ አለበት። ኳስ ማባረሩ ይቅር፤ አጭር የእግር ጉዞ ግን በየቀኑ ያስፈልገዋል። ሲሚንቶ ላይ አታስተኙት፤ ሴራሚኩም ያንሸራትተዋልና ምንጣፍ ጣል አድርጉበት። ከቤት ያለውን ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በፍጹም እንዳትሰጡት፤ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ለውሻ የሚሆነውን ማስታገሻ የእንስሳት ሐኪም በክብደቱ ልክ ያዝለታል።

ሕመሙ ያለበትን ውሻ ለዘር አታራቡ፤ የቱንም ያህል ቢያምር። ጤነኛ የሚመስለውም ሳይራባ በፊት ዳሌው ራጅ ይነሳ። የውሾችን የዳሌ ራጅ የሚገመግመው የአሜሪካው ድርጅት ኦኤፍኤ የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 2 ዓመት ሲሞላው ነው። ቡችላ የምትገዙ ደግሞ «ወረቀት አለው» በሚል አትሸወዱ፤ የዘር ወረቀት የዳሌ ምርመራ አይደለም። የወላጆቹ ራጅ ከሌለ በጠዋት ሄዳችሁ እናቲቱ ከተኛችበት ስትነሳ እዩ። የቀድሞ ቡችላዎቿ እንዴት እንዳደጉም ጠይቁ።

ከሸጣችኋቸው ቡችላዎች አንዱ ካነከሰ የቀሩትን ለገዙት ደውላችሁ ንገሯቸው፤ እነዚያን ሁለት ወላጆችም ዳግም አታገናኙ።