ፕሮቲኑ ህዋስ ውስጥ የት እንደሚገባ ማወቂያ፦ ከማንበብ እስከ መፈተሽ

የህዋስ ፕሮቲኖች፣ ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት ራሳቸው ከሚሠሯቸው ጥቂቶች በስተቀር፣ መሠራት የሚጀምሩት ሳይቶሶል (የህዋሱ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ባለ ራይቦዞም ላይ ነው። ከዚያ ወዴት እንደሚሄዱ የሚነግረው አድራሻ በራሱ በአሚኖ አሲዱ ቅደም ተከተል ውስጥ ተጽፏል። ጉንተር ብሎበል በ1999 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህን በማሳየታቸው ነው። ስለዚህ ማይክሮስኮፑ ጋ ከመቀመጣችሁ በፊት ቅደም ተከተሉን አንብቡ፣ ሁለቱን ጫፎች ደግሞ በተለይ፦ መጀመሪያው ኤን ጫፍ፣ መጨረሻው ሲ ጫፍ ይባላል።

ከኤን ጫፍ ጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ ከ16 እስከ 30 አሚኖ አሲዶች ውስጥ አንድ ሁለት ላይሲን ወይም አርጂኒን፣ ቀጥሎም እንደ ሉሲን ያሉ ውሃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶች በተከታታይ ካሉ፣ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚያስገባ ሲግናል ፔፕታይድ ነው። ኤስአርፒ የተባለው ቅንጣት ይህ ክፍል ከራይቦዞሙ ብቅ ሲል ይይዘውና ሴክ61 ወደተባለው መግቢያ ይወስደዋል። አርጂኒንና ላይሲን በየመሐሉ ተበትነው፣ አሉታዊ ቻርጅ ያላቸው እምብዛም ሳይታዩ፣ ክፍሉ የሚፈጥረው ጠመዝማዛ አንድ ጎኑ ውሃ ወዳጅ ሌላው ውሃ ሸሽ ከሆነ ግን መድረሻው ማይቶኮንድሪያ ነው። ሲ ጫፉ በኤስኬኤል (እያንዳንዱ ፊደል የአንድ አሚኖ አሲድ ምልክት ነው) ካለቀ ፐርኦክሲዞምን፣ በኬዲኢኤል ካለቀ ደግሞ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም መመለስን ያመለክታል። ኬዲኢኤል ብቻውን ግን አያስገባም፤ ኤን ጫፍ ላይ ሲግናል ፔፕታይድ ከሌለ ትርጉም የለውም። የኒውክሊየስ አድራሻ የትም ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ የታወቀው የኤስቪ40 ቫይረስ ምልክት ፒኬኬኬአርኬቪ ነው።

ቀጥሎ ጂኤፍፒ (አረንጓዴ የሚያበራ፣ ቦታውን በማይክሮስኮፕ የሚያሳይ ፕሮቲን) የምትቀጥሉበትን ጫፍ ምረጡ። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። የማይቶኮንድሪያ ወይም የሲግናል ፔፕታይድ አድራሻ ያለውን ፕሮቲን ኤን ጫፉን በጂኤፍፒ ከሸፈናችሁት ሳይቶሶል ውስጥ ተበትኖ ይቀራል፤ በሲ ጫፉ ቀጥሉት። ኤስኬኤል ያለውን በተቃራኒው በኤን ጫፉ ቀጥሉ። ሲግናል ፔፕታይድም ኬዲኢኤልም ካለው ሁለቱም ጫፎች አይነኩም፤ ጂኤፍፒውን ሲግናል ፔፕታይዱ ከሚቆረጥበት ቦታ አለፍ አድርጋችሁ መሐል አስገቡት። የኒውክሊየስን ምልክት ስትፈትሹ አንድ ጂኤፍፒ አይበቃም። ክብደቱ 27 ኪሎዳልተን ገደማ ስለሆነ ያለ ምንም ምልክት በኒውክሊየስ ቀዳዳ ያልፋል። አጭር ምልክት ከሆነ ሦስት ጂኤፍፒ አከታትላችሁ አያይዙበት፤ ያኔ ምልክቱ ካልሠራ ኒውክሊየሱ ጨለማ ይሆናል።

ስትመለከቱ ደብዘዝ ያሉትን ህዋሶች ምረጡ። በጣም የሚያበሩት ፕሮቲን ስለበዛባቸው መግቢያዎቹ ተጨናንቀው ትርፉ የማይገባው ቦታ ይታያል። ላይሶዞም ውስጥ ደግሞ ጂኤፍፒ በአሲዱ ምክንያት ስለሚደበዝዝ አለመታየቱ አለመኖሩን አያሳይም።

ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ማይቶኮንድሪያው ላይ የተለጠፈውን ውስጡ ከገባው አይለይም። ይህን የሚለየው የፕሮቲኤዝ (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም) ፈተና ነው። ከህዋሱ ተነጥሎ የወጣ ማይቶኮንድሪያ ለሦስት ቱቦ አካፍሉ፦ አንደኛው ባዶ፣ ሁለተኛው በሚሊ ሊትር 50 ማይክሮግራም ፕሮቲኔዝ ኬ የተባለው ፕሮቲኤዝ፣ ሦስተኛው ያው ፕሮቲኔዝ ኬ ሽፋኑን ከሚያሟሟው 1 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 ጋር። በረዶ ላይ 30 ደቂቃ አቆዩ። ከዚያ ፕሮቲኔዝ ኬን የሚያቆመውን ፒኤምኤስኤፍ 2 ሚሊሞላር ጨምሩና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ፒኤምኤስኤፍ ውሃ ውስጥ ስለሚበላሽ ከአልኮል ክምችቱ በዚያው ሰዓት ጨምሩት፤ መርዛማ ስለሆነ ጓንት አድርጉ። ይህን እርምጃ አትዝለሉ፦ ፕሮቲኔዝ ኬ ናሙናው ለጄል በሚዘጋጅበት ኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ኬሚካል) ውስጥም ስለሚሠራ ካልቆመ ናሙናውን ጄል ላይ ሳይደርስ ይበላዋል።

በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ጄል ላይ ለይቶ በፀረ እንግዳ አካል የሚያሳይ ዘዴ) ከፕሮቲናችሁ ጎን የማይቶኮንድሪያውን የውጪ ሽፋን ፕሮቲን ቶም20 እና የውስጡን ፕሮቲን ኤችኤስፒ60 መርምሩ። በሁለተኛው ቱቦ ቶም20 ጠፍቶ ኤችኤስፒ60 መቅረት አለበት። ቶም20 ካልጠፋ ፕሮቲኤዙ አንሷል፤ ኤችኤስፒ60 ከቀነሰ ማይቶኮንድሪያው ተቀድዷል። የእናንተ ፕሮቲን በሦስተኛው ቱቦ ውስጥም ካለ የጠበቀው ሽፋኑ አይደለም፣ በተፈጥሮው ለፕሮቲኤዝ አይበገርም፤ ከዚህ ፈተና ስለ ቦታው ምንም አትደምድሙ።

የአድራሻ ስህተት ከባድ በሽታ ያመጣል። በአንደኛው ዓይነት ፕራይመሪ ሃይፐርኦክሳሉሪያ፣ አንዳንድ ሕሙማን ላይ ኤጂቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም መሥራት ይችላል፤ ግን ፐርኦክሲዞም መግባት ሲገባው ማይቶኮንድሪያ ይገባል። አንድ ለውጥ፣ 11ኛው ፕሮሊን በሉሲን መተካቱ፣ ደካማ የማይቶኮንድሪያ አድራሻ ይፈጥራል፤ ሌላው፣ 170ኛው ግላይሲን በአርጂኒን መተካቱ፣ ኢንዛይሙ ቶሎ እንዳይታጠፍ ያደርጋል። ማይቶኮንድሪያ የሚያስገባው ያልታጠፈ ፕሮቲን ስለሆነ በዚያ መዘግየት ይወስደዋል። ፐርኦክሲዞሙ ያለ ኢንዛይም ሲቀር ኦክሳሌት ይከማቻል፣ ኩላሊትም ይጎዳል።