ከጥቅምት በፊት ጣሪያን ማሰር፦ ለአዳማ ቆርቆሮ ቤቶች

ነፋስ የቆርቆሮ ጣሪያን የሚነቅለው ከጎን ገፍቶ ሳይሆን ወደ ላይ ስቦ ነው። በአዳማ ከፍታ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ያህል ጉልበት አለው፤ በጣሪያው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ደግሞ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን የሚሸከመው ሚስማር ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ አምና የቻለ ጣሪያ ዘንድሮም ይችላል ማለት አይደለም።

 የአዳማ ነፋስ ሁለት ዓይነት ነው። በበጋ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ በስምጥ ሸለቆው የሚመጣ ደረቅ ነፋስ አለ፤ ከከተማዋ ዳር ያሉት ተርባይኖች የቆሙትም ለእሱ ነው። ሌላው ዝናብ ሲጀምር ከነጎድጓድ ደመና ስር ድንገት የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። ይኼኛው አቅጣጫው አይታወቅም፣ ዕድሜውም አጭር ነው፤ የበለጠ የሚያስፈራው ግን እሱ ነው።

ፍተሻው መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይሁን። የሚጀመረውም ከስር ነው። ኮርኒስ ካለ አንዱን ክፍል ከፍቶ በባትሪ ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ሞራሌ (ቆርቆሮው የሚመታበትን አግዳሚ እንጨት) እና ካፕሪያታ (ሞራሌውን የሚሸከመውን የጣሪያ አጥንት) በካቻቢቴ ጫፍ መውጋት፤ በቀላሉ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሴ አለ፣ ያ እንጨት ይቀየራል። በተበላ እንጨት ላይ ሚስማር መደርደር ገንዘብ ማባከን ነው።

ቀጥሎ ሚስማሩ። እርጥብ ባህር ዛፍ ላይ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅና ሲኮማተር ይላላል፤ ቆርቆሮውም ቀን በፀሐይ እየተለጠጠ ሌሊት እየተሰበሰበ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የላላ ሚስማርን መልሶ በመዶሻ መምታት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ አይጠቅምም፣ ያው ቀዳዳ አይይዘውም። ይነቀልና ቀዳዳው በሲልከን ይደፈን፣ አዲሱ ሚስማር ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ እዚያው ሞራሌ ላይ ይመታ። ሚስማሩ ኮፍያና ጎማ ያለው፣ አካሉ የተጠማዘዘ፣ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር እንጨት ውስጥ የሚገባ ይሁን። የሚመታው የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ሸለቆው ላይ ከተመታ ውሃ ያስገባል። ጎማው ቆርቆሮውን ነክቶ መጫን ሲጀምር መዶሻው ይቁም። ጉብታው ከተደፈጠጠ ውሃ ይቋጥራል፣ ከላላ ደግሞ ቆርቆሮው ይርገበገባል፤ የተርገበገበ ቆርቆሮ ሚስማሩን ራሱ ይነቅላል።

በጣሪያው ዙሪያ፣ በአሸንዳ በኩል፣ በጎን ጠርዝና በኮልሞ (በጣሪያው አናት) ላይ፣ በየሁለተኛው ጉብታ ሚስማር ይኑር። መሃል ላይ በየሦስተኛው ይበቃል። የሞራሌ ርቀት መሃል ላይ እስከ 90፣ ጠርዝ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከግድግዳ ወጣ ያለው ጠርዝ ከ50 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል፤ ነፋስ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው።

አዲስ የሚከድን ሰው ሥራውን ከምዕራብ ጫፍ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ይሂድ። እንዲህ ሲሆን የላይኛው ቆርቆሮ ጠርዝ ለዋናው ነፋስ ጀርባውን ይሰጣል። የጎን ድርብ (አንዱ ቆርቆሮ ሌላው ላይ የሚደረብበት) ቢያንስ አንድ ተኩል ጉብታ፣ የቁመት ድርብ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ጣሪያው ለጥ ያለ ከሆነ ከ20 በላይ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ከቆርቆሮው በታች ያለው ነው። ቆርቆሮው ሞራሌውን፣ ሞራሌው ካፕሪያታውን፣ ካፕሪያታው ግድግዳውን ካልያዘ፣ ቆርቆሮ በደንብ የተመታበት ጣሪያ እንዳለ ይነሳል። ወደ ላይ ሲሳብ ሚስማር ብቻውን ደካማ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መገናኛ በ3 ሚሊ ሜትር ዚንክ የተቀባ ሽቦ ሁለት ዙር ተጠምዞ በፒንሳ ይጠበቅ፣ ወይም በላሜራ ቁራጭ ከሁለቱም ጎን በሚስማር ይያዝ። በብሎኬት ቤት ከቶፕ ታይ ቢሙ (ግድግዳው አናት ላይ ከሚዞረው ኮንክሪት) የወጣ ፌሮ ካፕሪያታው ላይ ይታጠፍ። በጭቃ ቤት ሽቦው ከቋሚው እንጨት ጋር ይታሰር፤ ማገር ላይ ብቻ ማሰር ጭቃውን ይፈነቅላል እንጂ ጣሪያውን አይይዝም።

ድንጋይና አሮጌ ጎማ ጣሪያ ላይ መጫን ይቅር። ድንጋዩ ቆርቆሮውን ያጎብጣል፣ ስሩ ውሃ ይዞ ያዝገዋል፣ ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ከነቆርቆሮው ጎረቤት ላይ ይወድቃል።

ማማ ላይ ያለ ሮቶ ባዶውን አይደር። ባለ 1000 ሊትሩ ሲሞላ አንድ ቶን ይመዝናል፣ ባዶውን ግን ሁለት ሰው ያነሳዋል። ቢያንስ ሲሶው ውሃ ይኑረው፣ ከማማውም ጋር በገመድ ሳይሆን በሽቦ ይታሰር። የዲሽ ብሎኖችም በዚያው ይጠበቁ።

ነፋሱ ከመጣ በኋላ ጣሪያ ላይ መውጣት የለም። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያሉ በርና መስኮቶች ይዘጉ፤ የገባው አየር ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከውጭ ወደ ላይ በሚስበው ነፋስ ላይም ይደመራል። ልጆች ከሰፊው ሳሎን ይልቅ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከመስታወት ርቀው ይቀመጡ። የመብራት ገመድ የነካ ቆርቆሮ መሬት ላይ ቢገኝ፣ መብራት መጥፋቱን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እስኪያረጋግጥ ድረስ ማንም አይጠጋው።